ስትቆም የማትወድቅ ስኩተር

ሞተር የነዳ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቀይ መብራት ሲበራ ፍሬን ይያዛል። ፍጥነቱ ሲያልቅ አንድ እግር ሳይታሰብበት ወርዶ አስፋልቱን ይነካል። መቶ ኪሎ የሚያልፍ ብረት ከነአሽከርካሪው ለጥቂት ሰከንድ በዚያች እግር ላይ ዘንበል ይላል። አረንጓዴ ሲበራ እግር ይነሳል፣ ጉዞ ይቀጥላል።

ያች እግር ባትታዘዝስ? ሁለት ጎማ ሲሄድ ራሱን ይደግፋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ የእግር ጉልበት ብዙም አያስፈልግም። ሲቆም ግን ይወድቃል። እግሩ በልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) የደከመ ሰው ስኩተር እንዳይነዳ የሚያግደው የእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። ሌላውን በእጁና በዓይኑ ይችለዋል።

ህንድ ውስጥ ለዚህ የተገኘው መልስ ተራ ስኩተር ወስዶ ከኋላ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጎማ መጨመር ነው። የሚሠራው ብረት በሚበየድበት የሰፈር ጋራዥ ነው። ሕግ ያወቀው ቆይቶ ነው። ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥኩት እኛ ጋ ያለ ችግር ስለሆነ፣ መፍትሔውም እኛ ጋ ባለ መሣሪያ ሊሠራ ስለሚችል ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እግር የደከመባቸው፣ ክንድ የጠነከረላቸው

ህንድ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻዋን በሀገር ደረጃ የጀመረችው በ1995 ነው። እንዲያም ሆኖ በ2009 ገና 741 ልጆች በበሽታው ተይዘው ነበር። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ግማሽ ገደማ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ታማሚ ሕፃን የተገኘችው ጃንዋሪ 13 ቀን 2011 በምዕራብ ቤንጋል፣ ሃውራ አካባቢ ነው። ማርች 27 ቀን 2014 ሀገሪቱ ከፖሊዮ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ።

በሽታው ሄደ። የተጠቁት ሰዎች ግን አሉ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 26.8 ሚሊዮን አካል ጉዳተኞች ሲመዘገቡ፣ 5.4 ሚሊዮኑ የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸው ነበሩ። ሁሉም በፖሊዮ የተጎዱ አይደሉም። የጎን ጎማው ሥራ ግን በተለይ ለእነርሱ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ለምን?

የፖሊዮ ቫይረስ የሚጎዳው በአከርካሪ ውስጥ ያሉትን ጡንቻ የሚያዝዙ ነርቮች ነው። ስሜት የሚያስተላልፉትን ይተዋቸዋል። ስለዚህ እግሩ ባይንቀሳቀስም ሙቀት ይሰማዋል፣ ሕመም ይሰማዋል፣ መቆርቆር ይሰማዋል። ከእጅ ይልቅ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ እግርን ነው። ዕድሜውን በክራንች የሄደ ሰው ደግሞ ክንዱና ትከሻው ብርቱ ነው። ስኩተር የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ከላይ ብርታት፣ ከታች መቀመጥ ብቻ።

ግን የትኛውም ስኩተር አይሆንም። እኛ «ባጃጅ» ስንል ባለሦስት ጎማዋ ታክሲ ትመጣብናለች። ህንዶች ጋ ግን ስሙ የኩባንያ ነው። ከ1972 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የአባወራ መጓጓዣ የነበረው ቼታክ የሚባለው ስኩተርም የዚሁ ኩባንያ ሥራ ነው። ቼታክ በእግር ተረግጦ ይነሳል። የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግር ይረገጣል። ማርሹ በግራ እጅ፣ ፍሪሲዮን እየተያዘ፣ እጀታውን በማዞር ይቀየራል። እግሩ ለማይታዘዘው ሰው ከእነዚህ ሁለቱ የተዘጉ በሮች ናቸው። ጎማ ቢጨመርለትም ፍሬኑን ወደ እጅ ማምጣት፣ የሚያስነሳለት ሰውም መፈለግ ነበረበት።

በሩ የተከፈተው ማርሽ አልባው ስኩተር ሲመጣ ነው። በ1984 ኪነቲክ ሆንዳ የሚባል የህንድና የጃፓን ሽርክና ተመሠረተ። በቁልፍ የሚነሳና ማርሽ የማይነካካ ስኩተር ወደ ህንድ መንገድ አወጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሆንዳ አክቲቫ መጣችና ገበያውን ወረሰችው። 110 ሲሲ ገደማ ናት። በአውራ ጣት ተጭኖ ማስነሳት ይቻላል። ማርሽና ፍሪሲዮን የላትም። ሁለቱም ፍሬኖች እጅ ላይ ናቸው። ፊት ለፊቷ ክፍት ስለሆነ እግር አንስቶ መሻገር የለም። ሰውየው በጎን ይቀመጣል፣ እግሩን በእጁ አንስቶ ማሳረፊያው ላይ ያስቀምጣል፣ በቃ።

ቆየት ብሎ አንድ ጥሩ ነገር ተጨመረ። የግራውን ፍሬን ሲይዙ የፊቱም የኋላውም አብሮ የሚይዝበት ዘዴ ነው። ሆንዳ በ2009 አስገባው። ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ደግሞ በህንድ ከ125 ሲሲ በታች ለሆነ አዲስ ባለሁለት ጎማ ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ ያንን ወይም ከእርሱ የተሻለውን ጸረ መቆለፍ ፍሬን፣ ማለትም ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውን፣ መግጠም አስፈለገ። አንድ እጁ ደከም ላለ አሽከርካሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ግን ለእርሱ ብሎ አልሠራውም። ማርሽ አልባዋን ስኩተርም ማንም ለአካል ጉዳተኛ አላሰባትም። ለሁሉም ሰው ምቾት ተብሎ የተሠራው ነገር ነው ማንም ላላሰባቸው ሰዎች መንገድ የከፈተው።

ጋራዡ ውስጥ

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መካኒኩ ከቱቦላሬ ወይም ከወፍራም ቱቦ ፍሬም ይበይዳል። ፍሬሙን ከስኩተሯ ሻንሲ፣ ማለትም ከዋናው አጽሟ፣ ጋር በቡለን ያስራል። በግራና በቀኝ ጎማ ይሰቅላል፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ሾክ ይሰጠዋል። የስኩተሯ የኋላ ጎማ በቦታው ይቆያል። ሞተሩ የሚያሽከረክረው እርሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው አራት ጎማ ነው፦ አንድ ፊት፣ ሦስት ኋላ።

ጥሩው መካኒክ ከሰነፉ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፍሬሙ የት ይታሰር የሚለው ነው። ስኩተር ላይ ሞተሩና የኋላው ጎማ አንድ አካል ናቸው። ጉድጓድ ሲገጥም አብረው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛሉ። ፍሬሙን ሞተሩ ላይ ያሰረ ሰው የጎን ጎማዎቹን ምት በሙሉ ወደ ሞተሩ ማሰሪያ እየላከ ነው። ማሰሪያው ይላላል፣ ይሰነጠቃል። መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር ነው።

ሁለተኛው የጎን ጎማዎቹ መስመር ነው። የሦስቱ የኋላ ጎማዎች መሐል በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለበት። የጎኖቹ ወደፊት ወይም ወደኋላ ከወጡ፣ ስትታጠፍ ጎማው እየተንከባለለ ሳይሆን እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

ሦስተኛው ቁመት ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚበላሸውም የሚስተካከለውም እዚህ ጋ ነው።

የጎን ጎማዎቹ በጣም ከፍ ካሉ ስኩተሯ ስትቆም ወደ አንዱ ጎን ዘፍ ትላለች። ለሚታዘዝ እግር ምንም አይደለም። ለማይታዘዝ እግር ግን በእያንዳንዱ መብራት ላይ ትንሽ መውደቅ ማለት ነው። ይህን የፈራ መካኒክ ጎማዎቹን ዝቅ ያደርጋቸዋል። ስኩተሯ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ትላለች፣ ደንበኛውም ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ክብደቱን የጎን ጎማዎቹ ተሸክመውታል፤ መሐለኛው፣ ያ ብቻውን የሚገፋው ጎማ፣ መሬቱን በስሱ ብቻ ነው የሚነካው። ዝናብ ሲዘንብ ይሽከረከራል። ቦይ ሲሻገሩ የጎኖቹ በዚህና በዚያ ዳር ይቀመጣሉ፣ መሐለኛው አየር ላይ ይንጠለጠላል። ነዳጅ ሲሰጥ ይጮኻል እንጂ ስኩተሯ ንቅንቅ አትልም። አሽከርካሪው ደግሞ ወርዶ መግፋት የማይችል ሰው ነው። የሰው እጅ ላለማየት የገዛት ስኩተር መሐል መንገድ ላይ የሰው እጅ ታሳየዋለች።

ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ባዶዋን ስኩተር አቁሞ አይደለም። ሰውየው ተቀምጦ ነው። ሲቀመጥ የኋላው ሞላ ይጎብጣል፣ የክብደቱ ክፍፍል ይለወጣል። ለ50 ኪሎ ሰው የተስተካከለ ቁመት ለ80 ኪሎ ሰው አይሆንም። ከኋላ ልጅ ወይም የትዳር አጋር የሚጭን ከሆነም ተጭነው መለካት አለባቸው። የጎን ሾኮቹ ደግሞ ከዋናው ሾክ ለስለስ ያሉ ቢሆኑ ይመረጣል። ስኩተሯን ይደግፏት እንጂ አይሸከሟት።

ሌላው ቀርቶ ጉድጓድ ማለፍ ራሱ ይለወጣል። ሁለት ጎማ ያለው ሰው መሬት ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያሰምረው። ጉድጓዱን በግራ ወይም በቀኝ ይሾልካል። አራት ጎማ ያለው ሦስት መስመር አለው፤ መሐሉን ቢያድን ዳሩ ይገባል። የጎን ጎማዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን የላቸውም። ከባድ ሆና፣ ሰፍታ፣ በፊት በነበራት ፍሬን ብቻ ነው የምትቆመው።

መቆሙ የተገዛበት ዋጋ

ተጨማሪ ጎማ የመቆምን ችግር ይፈታል። በምትኩ የመታጠፍን ችግር ያመጣል። ይህን ሳይነግሩ ቁልፍ ማስረከብ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ሁለት ጎማ ሲታጠፍ ዘንበል ይላል። ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል የሚያሸንፈው በመዘንበሉ ነው። የጎን ጎማ የተሰቀለባት ስኩተር አትዘነብልም። ቀጥ ብላ እንደ መኪና ትታጠፋለች፣ ግን እንደ መኪና ሰፊና ዝቅ ያለች አይደለችም። ፊት ለፊቷ አንድ ጎማ ብቻ ስላለ የምትገለበጥበት መስመር ከፊት ጎማው ወደ ጎን ጎማው በሰያፍ ይሄዳል። ክብደቱ ወደፊት በተጠጋ ቁጥር መስመሩ ይቀርበዋል።

በቁጥር ላሳይ። የጎን ጎማዎቹ እርስ በርስ 90 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ እንበል። የስኩተሯና የሰውየው የጋራ ክብደት መሐል ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከፊት ጎማ ወደ ኋላ ጎማ ካለው ርቀት ደግሞ 60 በመቶው ላይ ይሁን። እንዲህ ያለች ስኩተር 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ ላይ፣ ማለትም በተለመደ የሰፈር መታጠፊያ ላይ፣ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይነሳል። ሃያ ሁለት! ሁለት ጎማ የለመደ ሰው ያንን መታጠፊያ ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ያለ ሐሳብ ያልፈዋል። ስፋቱን ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ብናሳድገው እንኳን የምናገኘው ወደ 26 ኪሎ ሜትር መድረስ ብቻ ነው። በሩንና ጠባቡን መንገድ ግን አጣነው። ስለዚህ መፍትሔው ከስፋት ይልቅ ከፍጥነት ይመጣል። ከመታጠፊያው በፊት፣ ቀጥታው መንገድ ላይ ሳሉ፣ ፍሬን ይዞ መጨረስ ነው። እየታጠፉ ፍሬን መያዝ ክብደቱን ወደፊት ይገፋዋል፤ ከላይ ያልኩት ሰያፍ መስመርም ይቀርባል።

የእጅ ልምዱም ይለወጣል። ሁለት ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ወደ ግራ ለመታጠፍ መሪው መጀመሪያ ጥቂት ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ስኩተሯ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፣ ከዚያ ትታጠፋለች። አሽከርካሪው አያስተውለውም፣ እጁ ግን ይሠራዋል። የጎን ጎማ ሲሰቀል ይህ ሁሉ ይቀራል። መሪው ወደሚሄዱበት ነው የሚዞረው። ከጉዳት በፊት ብዙ ዓመት ሞተር የነዳ ሰው እዚህ ላይ ከጀማሪው ይልቅ ይቸገራል፣ ምክንያቱም እጁ የሚያውቀው ሌላ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ብዙ ሰዓት መለማመድ አለበት።

መንገዱ ወደ ዳር ሲያዘቀዝቅም ልዩነቱ ይሰማል። ባለሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለአራት ጎማው ከመንገዱ ጋር አብሮ ያዘነብላል። አሽከርካሪው ሙሉ ቀን ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ፣ መሪውን ወደ ሌላው እየሳበ ነው የሚውለው። ማታ ትከሻው ይነግረዋል።

ለአንዱ የሆነ ለሌላው አይሆንም

አንድ ስህተት በብዙ ቦታ ይደገማል። «አካል ጉዳተኛ» የሚል አንድ ቃል ስላለን አንድ ዓይነት ስኩተር የሚበቃ ይመስለናል።

በአደጋ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከፖሊዮው ሰው ጋር አንድ ዊልቸር ሊጠቀም ይችላል። አካሉ ግን የተለየ ነው። ከወገቡ በታች ስሜት ላይኖረው ይችላል። እግሩ ከማሳረፊያው ተንሸራቶ የጋለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ላይ ቢያርፍ አያውቅም። የሚያውቀው ማታ ቁስሉን ሲያይ ነው። ተራው የስኩተር መቀመጫ ለሰዓታት ሲቀመጡበት ቆዳን ያቆስላል፤ ያንንም አይሰማውም። የሆድና የጀርባ ጡንቻው ከደከመ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይወድቃል። ለእርሱ ጎማው ብቻ አይበቃም። መደገፊያ ያለው መቀመጫ፣ ወፍራም ትራስ፣ የእግር ማሰሪያና የማርሚታ መከለያ ያስፈልጉታል።

አንድ እግሩ የተቆረጠና ሌላው ጤነኛ የሆነ ሰው በተቃራኒው የጎን ጎማ ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል። በጤነኛው እግሩ ያቆማታል። ለእርሱ ጎማ መጨመር የመታጠፍን ችግር በነፃ መስጠት ነው።

ፖሊዮ የነበረበትም ሰው ቢሆን እንደ ጥንቱ አይቆይም። ከበሽታው ከ15 እስከ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ አዲስ የጡንቻ ድካም የሚመጣባቸው ብዙ ናቸው። ሐኪሞች ከፖሊዮ በኋላ የሚመጣ ሕመም ይሉታል። እስከዚያ ድረስ የእጅንም የእግርንም ሥራ የሠራው ክንድ መድከም ይጀምራል። በ30 ዓመቱ የተለካለት ፍሬን በ55 ዓመቱ ይጠብቅበታል። ስኩተሯም እንደገና መለካት አለባት።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱ። አንደኛው የክራንች ቦታ ነው። ስኩተሯ ይዛው ትሄዳለች፣ ደርሶ ግን ሊወርድ አይችልም፤ ክራንቹ ቤት ቀርቷል። በእጅ በሚደረስበት ጎን ላይ የሚይዝ ማያዣ መበየድ የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። ሁለተኛው ወደኋላ መሄድ ነው። ተራ የነዳጅ ስኩተር የኋላ ማርሽ የለውም። ሌላው ሰው በእግሩ እየገፋ ወደኋላ ያወጣታል። የእኛ ሰው ግን ግድግዳ ፊት ካቆመ እዚያው ታስሮ ቀረ። ለዚህ ነው ህንድ ውስጥ የኋላ ማርሽ ያለው የጎን ጎማ መሣሪያም የሚሸጠው። እርሱን መግዛት ያልቻለ ሰው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ማቆምን ይለምዳል።

«የተለወጠ ብቻ ያልሆነ»

ጋራዡ ሥራውን ሲሠራ ሕጉ ምን ይል ነበር? የ1988ቱ የህንድ የሞተር ተሽከርካሪዎች አዋጅ ለአካል ጉዳተኛ የተባለን ተሽከርካሪ ሲተረጉም፣ ለዚያ ዓላማ «ተለይቶ የተነደፈና የተሠራ፣ የተለወጠ ብቻ ያልሆነ» ይለዋል። ያች ሐረግ ከባድ ናት። ከፋብሪካ ተራ ስኩተር ሆኖ ወጥቶ ጋራዥ ውስጥ ጎማ የተጨመረለት ነገር በትክክል «የተለወጠ ብቻ» ነው። መንገድ ላይ የነበረውን ነገር የሕጉ ትርጉም አላቀፈውም።

ሐረጓ የህንድ ብቻ አይደለችም። በዚያው በ1988 የወጣው የእንግሊዝ የመንገድ ትራፊክ ሕግም ተመሳሳይ ቃል ይጠቀማል። እንግሊዝ ጋ ግን ትርጉም ነበራት። እዚያ መንግሥት ራሱ ለአካል ጉዳተኞች ኢንቫካር የምትባል ውሃ ሰማያዊ፣ ባለሦስት ጎማ፣ ባለአንድ መቀመጫ ተሽከርካሪ ይሰጥ ነበር። በእርግጥም ተለይታ የተሠራች ናት። ሰው መጫን አይቻልባትም፤ እናት ልጇን ይዛ አትሄድባትም። በመጨረሻም ለደኅንነት አደገኛ ናት ተብላ ማርች 31 ቀን 2003 ከመንገድ ወጣች። የጋራዧን ስኩተር ከእርሷ ጋር ሳወዳድር ልቤ ወደ ጋራዧ ነው የሚያደላው። መለዋወጫዋ በየሰፈሩ አለ። የሚጠግናት መካኒክ የሁሉንም ሰው ስኩተር የሚጠግነው ነው። ከኋላ ሰው ትጭናለች። አደጋዋን ግን ከላይ ተናግሬያለሁ፤ ሕግ ሊያያት ይገባ የነበረውም ለዚህ ነው።

2019 በህንድ የለውጥ ዓመት ሆነ። በዓመቱ መጀመሪያ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሽከርካሪ ከአምራቹ ዝርዝር ውጭ ሊለወጥ አይችልም ሲል ወሰነ። ጉዳዩ ስለ አካል ጉዳተኞች አልነበረም፤ የጋራዡን ስኩተር እንደሚያሰጋ ግን ግልጽ ነበር። በዚያው ዓመት ፓርላማው አዋጁን አሻሻለ። የድሮው ትርጉም ተሰረዘ። በቦታው «የተለወጠ ተሽከርካሪ» የሚል አዲስ ትርጉም ገባ፤ ተለይቶ የተሠራውንም ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተለወጠውንም ያቅፋል። አንድ ሰው የራሱን ተሽከርካሪ ለውጦ ከዚያ በኋላ የመዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችልም ተጻፈ። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ፈቃዱ። ማዕከላዊው መንግሥት ከሚያወጣው መስፈርት ጋር መስማማት አለበት።

ይህን ያነሳሁት ለሕግ ፍቅር ብዬ አይደለም። ታርጋና ሊብሬ የሌለው ነገር ኢንሹራንስ አያገኝም። ኢንሹራንስ የሌለው አሽከርካሪ ሲጋጭ ጥፋቱ የሌላው ቢሆን እንኳን አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ሕጉ ካላወቀው የጎማውን ስፋትና የፍሬሙን ብየዳ የሚመረምርለትም የለም።

የክልል መንግሥታትም እጃቸውን አስገብተዋል። ታሚል ናዱ ሁለት እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች የጎን ጎማ የተገጠመላት ስኩተር ትሰጣለች። በዚያው ክልል ቼናይ ከተማ ከማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣ ኒዮሞሽን የሚባል ኩባንያ ደግሞ በ2020 ሌላ መንገድ አመጣ። ኒዮቦልት የምትባል በኤሌክትሪክ የምትሠራ የፊት ክፍል ናት። ከዊልቸሩ ፊት ትሰካለች፣ ዊልቸሩ ራሱ ስኩተር ይሆናል። ከፍተኛው ፍጥነቷ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከዊልቸር ወደ ስኩተር መሸጋገር ለማይችል ሰው ትልቅ እፎይታ ናት፤ ደርሶም ነቅሎ በዊልቸሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ክራንች ለሚጠቀምና ከተማ አቋርጦ ለሚሠራ ሰው ግን የጎን ጎማዋ ስኩተር አሁንም ትሻላለች ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈጥሮው ፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ2014 በሶማሌ ክልል ነው። ከዚያ በፊት የተጎዱት ጎልማሶች ዛሬም በየከተማችን በክራንች ይሄዳሉ። ሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ በራስ መንቀሳቀስ በስምምነቱ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ቱቦላሬም ብየዳም ጎበዝ መካኒክም አለን። ግን የህንዱን ልክ እንዳለ መገልበጥ አይሠራም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ያጣል። በዚያ ላይ ሁለት ጎማ፣ ፍሬምና ሾክ ጨምረንበታል። ዳገት ላይ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየሩ ስለሳሳ አይደክምም፤ ለእኛ ከተማ የተሻለው መነሻ እርሱ ይመስለኛል።

ከጉልበቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዳገት ላይ መቆም ነው። የጎን ጎማዎቹ ፍሬን የላቸውም ብያለሁ። ከኋላ የሚይዘው መሐለኛው ጎማ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደኋላ ስለሚሄድ የፊት ፍሬን ብዙ አይረዳም። ክብደቱን የጎን ጎማዎቹ ከወሰዱት መሐለኛው ጎማ ፍሬን ተይዞም ኮብልስቶኑ ላይ ይንሸራተታል። እግሩን ማውረድ የማይችል ሰው ወደኋላ ይሄዳል።

ስለዚህ ስኩተሯን ከመረከብ በፊት ይህ ይደረግ። ሰውየው ይቀመጥ። በየቀኑ የሚጭነው ሰው ካለ ያም ከኋላው ይቀመጥ። በሰፈሩ ካለው ዳገት ሁሉ የባሰው ላይ ይወሰድ፣ ቢቻል ዝናብ ከጣለ በኋላ። ሁለት ብርቱ ሰዎች በግራና በቀኝ ሆነው ፍሬሙን ይዘው ይቁሙ፤ ከኋላዋ ማንም አይቁም። ሰውየው ፍሬኑን ይያዝ፣ ሰዎቹም ቀስ ብለው ይልቀቁ። ጎማው ከተንሸራተተ መልሰው ይያዙና ወደ ጋራዡ ይመለሱ። መካኒኩ የጎን ጎማዎቹን አንድ ጣት ያህል ከፍ ያድርግ። ከዚያ እንደገና ወደ ዳገቱ።